ወንዝ የወሰዳቸው ሰባት ላሞች

በእኛ አገር ከብትና ልጅ አይቆጠርም። የፎገራን ገበሬ «ስንት ላም አለህ?» ብትሉት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ይላችኋል፤ ከፋ ካለው ደግሞ «ምን አገባህ?» ብሎ ፊቱን ያዞርባችኋል። የተቆጠረ ይጎድላል፣ ዓይን ይገባበታል ነው ነገሩ። እኔ ይህን ወግ በአሥራ አንድ ዓመቴ ሳላውቀው አፈረስኩት። ካወቅሁት በኋላም እያፈረስኩት እዚህ ደርሻለሁ። እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁና ፍረዱ፤ ብትፈርዱብኝም አልደነግጥም፣ አንድ ጊዜ በአደባባይ ተፈርዶብኝ አይቼዋለሁ።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ እኩሌታ ላይ ነው። ወረታ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተኮለኮሉ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶችና ብዙ የሣር ጎጆዎች ነበረች። እኛ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ የሸክላ አፈር ከሚቆፈርበት ጉድጓድ አጠገብ እንኖራለን። እናቴ ውዴ ሸክላ ሠሪ ናት። አባቴ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር፤ እኔ ጡት ሳልተው ሞተ። አገሬው እንደ እኛ ያለውን ጠይብ ይለዋል፤ ሲብስበት ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይላል። በእናቴ እንስራ ውኃ ይቀዳል፣ በድስቷ ወጥ ይሠራል፣ ከቤታችን ግን ቁራሽ አይቀምስም። እናቴን «እትዬ» ብሎ የጠራት ሰው አላስታውስም። የጎረምሳው ሁሉ አፍ «አንች ውዴ» ነበር የሚላት።

ትምህርት ቤት የገባሁት በጋን ምክንያት ነው። ጋሼ ታደለ የሚባል ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት አስተማሪ የውኃ ጋን ሊገዛ ቤታችን መጣና፣ ለይፋግ ገበያ የሚጫኑትን ማሰሮዎች አምስት አምስት እያደረግሁ ስደረድር አየኝ።

«ማነው ቁጥር ያስተማረሽ?» አለኝ።

«ማንም። በአምስት በአምስት ካልሆነ አህያዋ ላይ ሚዛኑ አይቆምም» አልኩት።

በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ስላችሁ ብቻዬን ነው። ልጆቹ ከጭቃ በተሠራው ረጅም መደብ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ እኔ ጫፉ ላይ ነኝ። በእኔና በሚቀጥለው ልጅ መካከል ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን ይውላል። ጋሼ ታደለ ተጠጉ ሲላቸው አንድ ስንዝር ይጠጋሉ፤ ጀርባውን ሲሰጥ ሁለት ስንዝር ይሸሻሉ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ እግሬን ዘርግቼ ባዶው ቦታ ላይ አኖርኩት።

አንድ ቀን ጋሼ ታደለ መቀነስ ሊያስተምረን ፈለገና የአዲስ አበባ ልጅ የሚሠራውን ስሕተት ሠራ።

«ሙላት፣ የአባትህ ላሞች ስንት ናቸው?» አለ።

ሙላት የአያ ደሴ ልጅ ነው። አያ ደሴ በፎገራ ሜዳ ላይ ስም ያለው ከብት አርቢ ነው። ሙላት ዝም አለ። ጋሼ ታደለ ወደሚቀጥለው ልጅ ሄደ፤ እሱም ዝም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ። አስተማሪው ቁጥር የጠፋባቸው መስሎት ተናደደ፤ አለንጋውን ከግድግዳው አወረደ።

«ጋሼ፣ የከብት ቁጥር አይነገርም» አለ ሙላት በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከተቆጠሩ ይሞታሉ።»

እኔ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኛ ቤት ላም የለም፤ ላም የሌለው ሰው ላም አትቁጠር የሚለውን ወግ ከየት ይሰማዋል? ስለዚህ ያለ ፍርሃት እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ የጭቃ ላም ብሠራላቸውስ? የጭቃ ላም አትሞትም።»

ልጆቹ ሳቁ። ጋሼ ታደለ ግን አልሳቀም። አለንጋውን ሰቀለና «ሥሪ» አለኝ።

ለሃያ አራቱ የክፍል ጓደኞቼ ሃያ አራት ላም ሠራሁ። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ቀንዳቸው አጭር፣ ሆዳቸው ሰፊ፣ ልክ የፎገራ ላም። እናቴ «ምን ልትሆኝበት ነው?» ብላ ካጉረመረመች በኋላ ከማሰሮዎቿ መሐል አስገብታ ተኮሰችልኝ። ለራሴ አልሠራሁም። እኔ እረኛ ሆንኩ።

ጨዋታውን «ወንዝ ሞላ» አልነው። ወለሉ ላይ በአመድ በረት ይሠመራል፤ ከበረቱ ማዶ ጉማራ ወንዝ ይሠመራል። አንዱ ልጅ ወንዝ ይሆናል። ወንዝ የሆነው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የፈለገውን ያህል ያጨበጭባል፤ እኔ ባጨበጨበው ልክ ላሞቹን ከበረት እያነሳሁ ወንዝ ውስጥ እከታለሁ። ጋሼ ታደለ «ስንት ሄደ? ስንት ቀረ?» ይላል። ቀድሞ እጁን ያወጣ ይመልሳል፤ ልክ ከሆነ ክፍሉ መልሱን ተቀብሎ በአንድ ድምፅ ይጮኸዋል፤ መላሹም የሚቀጥለው ወንዝ ይሆናል። በመጨረሻ «ወንዝ ጎደለ!» ይባልና ላሞቹ አንድ በአንድ እየተቆጠሩ ወደ በረት ይመለሳሉ። እሱ ደግሞ መደመር ነው።

ልጆቹ አበዱበት። ቤታቸው የተከለከሉትን መቁጠር እዚህ እየጮሁ ይቆጥሩታል! ወዲያው ለየጭቃ ላሞቻቸው ስም አወጡ፤ የቤታቸውን ላም ስም። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ሻሼ፣ ድንቄ፣ ቦቃ። ሙላት የእሱን መጋላ አላት፤ ቀይ አፈር እንድቀባለትም ለመነኝ። ስም ማውጣታቸው ምን እንደሚያመጣ አንዳችንም አላሰብንም። እኔማ ደስታዬ ሌላ ነበር። ላሞቹን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ልጆቹ እኔን ከበው ቁጢጥ ይላሉ፤ መደቡ ላይ ያለው ባዶ ቦታም ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ሄደ። ኅዳር ሲገባ ሙላት ትከሻ ለትከሻ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ያ ሰኞ መጣ።

ወንዙ ሙላት ነበር። ፊቱን አዙሮ ሰባት ጊዜ አጨበጨበ። እኔ ሰባት ላም አነሳሁ፤ አመራረጥ የለኝም፣ እጄ የደረሰባትን ነው። ሰባት ሄደ፣ አሥራ ሰባት ቀረ። ሙላት ዞሮ ሲያይ መጋላ ወንዝ ውስጥ ናት። «ወንዝ ጎደለ!» ሊባል ሲል ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ተደወለ፤ ልጁ ሁሉ ወደ በሩ ሮጠ።

«አበጁ፣ መጋላን አውጭያት!» አለኝ ሙላት።

«ነገ እናወጣታለን» አልኩት፤ ሰባቱንም ከነወንዛቸው ጠርጌ ከሌሎቹ ጋር ቅርጫት ውስጥ ጨመርኳቸው።

ማክሰኞ ሙላት አልመጣም። ረቡዕ ጠዋት የመጣው አባቱ ነው። አያ ደሴ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ በሩን ሞልቶ ቆመ። ሰላምታ የለም።

«የትኛዋ ናት?» አለ።

ሃያ ሦስት ልጅ እኔን አየ። መደቡ ላይ አጠገቤ የነበረችው ልጅ ብድግ ብላ ሄደች።

«ላሜ መጋላ ትናንት ረፋድ ላይ ሞተች» አለ አያ ደሴ፣ ለአስተማሪው። «ሆዷ ተነፍቶ፣ ውኃ እንደ ወሰዳት ሁና ሞተች። ልጄ ሁሉን ነግሮኛል። ምስሏን ሠርታ፣ በስሟ ጠርታ፣ ቆጥራ ወንዝ ከታታለች። ሳታወጣም ሄደች። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ የጠይብን ልጅ ከልጆቻችን ጋር ሲያስቀምጡ ዝም አልን። ከእንግዲህ ግን ወይ እሷ ትወጣለች፣ ወይ የእኛ ልጆች ይወጣሉ።»

ጋሼ ታደለ «አቶ ደሴ፣ ይህ እኮ የሒሳብ ጨዋታ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰም። ትምህርት ቤቱ ልጅ ካጣ እንደሚዘጋ ያውቃል። ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለ፤ «አበጁ፣ ለጊዜው ቤትሽ ሂጅ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይመክሩበታል» አለኝ። ቅርጫቴን አንጠልጥዬ ወጣሁ። አላለቀስኩም ብላችሁ ውሸት ነው። ግን በሩን እስካልፍ ድረስ አላለቀስኩም።

እናቴ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «አላልኩሽም? አላልኩሽም?» ትላለች፤ ምን ብላኝ እንደነበር ግን እኔም አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። «በቃሽ። ሸክላው ይበቃሻል። እኔ በሱ ነው የኖርኩት።»

«አልቀርም» አልኳት።

«ይገድሉሻል አንች ልጅ!»

«መጋላን አልገደልኳትም። ባልገደልኳት ላም አልቀርም።»

አፌ ይህን ይላል እንጂ ሆዴ ሌላ ነበር። ነገ እናወጣታለን ማለቴ ያንገበግበኝ ጀመር። ባወጣትስ ኖሮ? ቡዳ የሚሉን እውነት ቢሆንስ? ሰው ራሱ ሳያውቅ ቡዳ ይሆን እንደሆነ ማንን እጠይቃለሁ? ቅርጫቱን ገልብጬ ላሞቹን መሬት ላይ ደረደርኩና መጋላን አንስቼ ለብዙ ጊዜ አየኋት። ጭቃ ናት። ከዚያ የቀሩትን አየሁ። ያኔ ነው አንድ ነገር የታየኝ። ወንዝ የገባችው መጋላ ብቻዋን አልነበረችም።

ሐሙስና አርብ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አልገባሁም፤ ከውጭ መስኮቱ ሥር ቆሜ ጋሼ ታደለ ሲጠይቅ በጣቴ እየቆጠርኩ እመልሳለሁ። አየኝ፣ አላባረረኝም፣ ግን ዓይኑን ሰበረ። ሙላትም አየኝና አንገቱን ደፋ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ልጆቹ ድንጋይ ካቡ ላይ። መሐል ላይ ጭቃ ሹሙ አቶ አድማሱ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የሰፈሩን ዳኝነት የሚያዩት እሳቸው ናቸው። እኔና እናቴ ለብቻችን ቆመናል፤ ጋሼ ታደለ ከወንዶቹ ጫፍ።

«በል ደሴ፣ ነገርህን አስረዳ» አሉ ጭቃ ሹሙ።

አያ ደሴ ያለውን ደገመው። ሙላት ተጠራና መሬት መሬት እያየ መሰከረ፦ «ደወል ተደወለ። አውጭያት አልኳት። ነገ አለች።»

«እውነት ነው?» አሉኝ ጭቃ ሹሙ።

«እውነት ነው ጌታዬ» አልኩ።

ሰዉ ጉም ጉም አለ። አንዱ «ከነእናቷ ትነሳ!» አለ። ሌላው «ትምህርት ለጠይብ ምኑ ነው? ዱሮም ጥበባቸው አላነሳቸው!» ብሎ ሰውን አሳቀ። ጋሼ ታደለ ቆሞ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ፤ ድምፁ ግን ከአጠገቡ ካሉት አላለፈም። ሽማግሌዎቹ አንገት ለአንገት ገጥመው ከተንሾካሾኩ በኋላ ጭቃ ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚሉትን ከፊታቸው አነበብኩት።

ያኔ እናቴ ወጣች። ትምህርት ይቅርብሽ ስትለኝ የከረመችው እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ መሐል ቆመች።

«ላሞቹን የተኮስኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ጭቃ ሳይተኮስ ጭቃ ነው፤ ዝናብ ያፈርሰዋል። ጥፋት ካለ ጥፋቱ እሳት ውስጥ የከተተው ሰው ነው። የምትቀጡ ከሆነ እኔን ቅጡ። እሷ ትማር።»

እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ ልናገር?»

«ደግሞ ልትናገር!» አለ ከኋላ አንዱ።

«የተከሰሰ ይናገራል» አሉ ጭቃ ሹሙ። «በይ።»

«ሰኞ ለታ ወንዝ የገቡት ላሞች ሰባት ናቸው» አልኩ። «መጋላ ብቻ አይደለችም። ሰባቱንም የሠራሁ እኔ፣ የቆጠርኩ እኔ፣ ሳላወጣ የሄድኩ እኔ ነኝ። መጋላን የገደለ እጄ ከሆነ ሰባቱም ሞተዋል። በስማቸው ልጥራቸው። ላሙ የሞተችበት ሰው ይንገረኝ።»

ሰዉ እንደ ተነካ ቀፎ ሆነ። «አትጥሪብን!» የሚል ጩኸት ከሦስት አቅጣጫ መጣ። እኔ ግን ጀምሬያለሁ።

«ቡሬ!»

ዝም። የቡሬ ባለቤት ጋቢውን እስከ አፍንጫው አወጣ። አለች ቢል ቀጥላ የምትሞተው የእሱ ላም የምትሆን መስሎታል።

«ዳልቻ!»

ዝም። እነሱ ዝም ካሉ እኔ አለቀልኝ። ሦስተኛዋን ጠራሁ።

«ብርቄ!»

ከሴቶቹ መሐል ምርኩዝ ሲንቀሳቀስ ታየ። እማማ የውብዳር ናቸው፤ ባልቴት፣ ያለቻቸው ላም አንዲት፣ የልጅ ልጃቸው የክፍል ጓደኛዬ።

«ብርቄ አለች!» አሉ ጮክ ብለው። «አለች ብቻ? ትናንት ማታ ወለደችልኝ! ጥጃዋም ግንባረ ቦቃ ናት። ምነው ወንዶቹ አፋችሁን ምን ያዘው? ላማችሁ አለች ማለት አቃታችሁ? እኔ አንዲት ላም ያለኝ ተናገርኩ!»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አማተበ። ከዚያ ከድንጋይ ካቡ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ቡሬ አለች!»

አባቱ ዞሮ ገላመጠው። ነገር ግን ሌላዋ ቀጠለች፤ «ዳልቻም አለች!» እኔ ሳልጠራቸው መጡ፤ «ሻሼ አለች!» «ድንቄ አለች!» «ቦቃ አለች!» ክፍል ውስጥ ስማችን ሲጠራ እንደምንመልሰው። ሳላስበው ፊቴን ወደ ካቡ አዙሬ የጋሼ ታደለን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«ሰባት ገቡ፤ አንዷ ሞተች። ስንት ቀረ?»

«ስድስት!»

«ብርቄ ወለደች። ስንት ሆነ?»

«ሰባት!»

ሃያ ምናምን ልጅ ነው የጮኸው። በአባቶቻቸው ፊት፣ ከቅዳሴ መልስ በዋርካው ሥር፣ ከብት ቆጠሩ። ሙላትም አፉን ከፍቶ ነበር፤ አባቱ ሲያየው ዘጋው። እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ጭቃ ሹሙ አፋቸውን በጭራቸው ጋርደው ቆዩ። ይስቁ ይቆጡ አላውቅም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ደግመው መከሩና ፍርዱ ወረደ፦

«ልጅቷ ትማር። ግን አገሩ ወግ አለው። የጭቃ ላም ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አትግባ። አሁን እዚሁ፣ በፊታችን፣ በገዛ እጇ ትስበራቸው።»

ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ? ጠፍጣፋ ድንጋይ አቀረቡልኝ። እናቴ ቅርጫቱን ስታቀብለኝ ጆሮዬ ሥር «ጭንቅላታቸውን እንዳትመች፤ ይደቅቃሉ። ወገባቸውን ምች» አለችኝ። ሸክላ የት ቢመታ የት እንደሚሄድ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ አራቱንም ወገብ ወገባቸውን መታሁ። ሃያ አንዱ ሁለት ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ ሦስቱ እንቢ ብለው አራት አራት ሆኑ። መጋላ ቀጥ ብላ ነው የተከፈለችው። ማንንም አላየሁም፤ ገሉን አንድ ሳላስቀር ለቅሜ ወደ ቅርጫቱ መለስኩ።

«ገሉን ደግሞ ወዴት?» አለ አያ ደሴ።

«ገል ለእኛ ሥራ ነው» አለች እናቴ። «ተወቅጦ ከአፈር ይገባል።»

እውነቷን ነው፤ ሸክላ ሠሪ ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። እሷ ግን ያን ገል አልወቀጠችውም። ጠዋት ስነሳ ቅርጫቱ ታጥቦና ተከድኖ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

ሰኞ ክፍል ስገባ ጋሼ ታደለ ቅርጫቱን አይቶ ደነገጠ። «አበጁ፣ እባክሽ...»

«ላም አይደሉም ጋሼ» አልኩት። «ገል ናቸው። ገል አትቁጠሩ ያለን የለም። ስምም የላቸውም።»

ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ሃምሳ አራት ገል። ጋሼ ታደለ አየው። ከዚያ ያፈረበትን ሳምንት ሁሉ ባንዴ የሚያራግፍ ይመስል እጅጌውን ሰበሰበና «እያንዳንድሽ አንድ አንድ አንሽ!» አለ፤ ሲቸኩል ወንዱንም ሴቱንም አንች ነበር የሚለው። «የያዛችሁት ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ያገኘ ይቁም!»

እንዲያ ሆኖ ነው ግማሽን የተማርነው። የሁለቱ ገል ስባሪ አፍ ለአፍ ካልገጠመ ግማሽ አይደለም። አራት ቦታ የሆኑት ደግሞ ሩብ ሆኑልን። ልጁ ሁሉ «የማን ናት? የማን ናት?» እያለ ይራወጣል። እኔ አስቀድሜ የመጋላን ኋላ አንስቼ ጨብጬ ተቀምጫለሁ። አውቄ ነው። የፊቷ ግማሽ ሙላት እጅ እንደገባ ከቀይ አፈሯ ለይቻለሁ። ሙላት ክፍሉን ዞሮ ዞሮ ሌላውን ግማሽ አጣ። በመጨረሻ መደቡ ጫፍ ላይ መጣና ቆመ። እጄን ከፈትኩለት። ለጊዜው አልነካውም። ከዚያ ቁጭ አለ፣ አጠገቤ፣ ያንን ባዶ ቦታ ሞልቶ፣ የራሱን ገል ከእኔው ጋር ገጠመው።

«ግማሽና ግማሽ?» አለ ጋሼ ታደለ ከኋላችን።

«አንድ» አለ ሙላት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ውኃ በጉማራ አልፏል። እኔም በተራዬ አስተማሪ ሆንኩ፤ አንበሳሜም፣ ይፋግም፣ በመጨረሻም እዚሁ ወረታ ሒሳብ አስተማርኩ፤ ሁልጊዜም በጨዋታ። ሙላትን ከስንት ዘመን በኋላ ዋንዛዬ ፍል ውኃ አገኘሁት፤ ሁለታችንም ለጉልበት ሕመም ሄደን። እግሩን እንደ ነከረ «አበጁ፣ መጋላ ያን ማክሰኞ ጤዛ ያልለቀቀው ለጋ ጓያ ማሳ ገብታ ነበር፤ የነፋት እሱ ነው» አለኝ። «ከትምህርት ቤት በፊት ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። አባቴ እንዳይገለኝ ብዬ ነው በአንች ያላከክሁት።» ገፍቼ ፍል ውኃው ውስጥ ልደፍቀው ቃጥቶኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን «አውቅ ነበር እኮ» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ አላውቅም ነበር። ይህን ያህል ዘመን የተሸከመው ይብቃው ብዬ ነው።

ያ እሑድ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ አንድ ነገር ነው። ፍርሃት አንዷን የሞተች ቆጥሮ ያቆማል። የቀሩትን ስድስቱን አይቆጥርም። እስከ መጨረሻው ቁጠሩ ስትሉት ነው የሚቆጣው። ስለዚህ ማንም ስለ እናንተ ወይም ስለ ዘራችሁ አንድ ክፉ ነገር ጠርቶ ቢያቆም፣ እሺ፣ የቀሩትንስ? በሉት።

ይህን ማለት ቀላል መስሏችሁ እንዳይሆን። እኔ የልጆቼንም ቁጥር ለጠየቀኝ ሁሉ እናገር ነበር፤ አማቴ «ኧረ በማርያም!» እያሉ አፌን ሊይዙ ይሞክራሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ሦስተኛዋን ልጄን ኩፍኝ ወሰደብኝ። ለቅሶው ላይ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ትቆጥራቸው ነበር እኮ» ስትል ሰማኋት። ከአያ ደሴ ዱላ ይልቅ ያ ልቤ ድረስ ዘለቀ። እስከ አርባዋ ድረስ ያሉኝን ልጆች እንኳን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ፤ ማታ ማታ አልጋቸው አጠገብ ስሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። በአርባ አንደኛው ቀን ግን ቁርስ ላይ ደረደርኳቸው፣ አንድ በአንድ በስማቸው ጠራኋቸው፤ አንድ በአንድ «አለሁ» አሉኝ።

ዛሬም ስንት ልጅ አለሽ የሚለኝ ካለ እግዜር የሰጠኝን ያህል አልልም። ስድስት ወለድኩ። አንዷ ሞተች፤ ስሟ ሰብለ ነው። አምስቱ አሉ።